ሐምራዊው እንክብል

እናትየው እንክብላቸውን የሚውጡት እንደ ሌላ ሰው አይደለም። ሌላ ሰው አፉ ውስጥ ይጥላል፣ ውኃ ይጎነጫል፣ ያልፋል። እሳቸው መጀመሪያ በሁለት ጣታቸው አንሥተው ለመስኮቱ ብርሃን ያሳዩታል፤ ቀጥለው ቤት ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ ያሳዩታል፤ ከዚያ «የልጄ ነው» ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚውጡት። ለጉልበት ሕመም ይበጃል የተባለ የእርድ እንክብል ነው፤ ግማሹ ሐምራዊ፣ ግማሹ ነጭ። ሐምራዊውን፣ እንክብሉን እያስዘጋጀች የምትሸጠው ታናሽየዋ ልጃቸው የመረጠችው እናቷ ሐምራዊ ስለሚወዱ ነው። ይህንንም ለጎረቤት፣ ለፖስተኛው፣ ቧንቧ ሊጠግን ለመጣው ሰው ሳይቀር ነግረዋል።

ታላቅየዋ ልጅ ይህን እያየች ዝም አለች ቢባል ውሸት ይሆናል። ዝም ብላ ያሳለፈችው ነገር የላትም። የምትሠራው በአንድ ገለልተኛ ላቦራቶሪ ነው። ሥራዋ ሰዎች «ኃይል ይሰጣል»፣ «ከተፈጥሮ ነው» እያሉ የሚሸጡትን ቅጠልና ሥር መርምራ የተባለው ነገር በእርግጥ ውስጡ መኖሩን መናገር ነው። ባልደረቦቿ ወንፊት ይሏታል፤ እጇ ገብቶ ሳይጣራ የወጣ ነገር የለምና። እሷ ስሙን ወዳዋለች። እናቷ ግን የሰሙት ዕለት ሳቁ። «ወንፊትማ ዱቄቱን ለሰው አሳልፋ ገለባውን ለራሷ የምታስቀር ናት» አሉ።

ታናሽየዋን ቤት ውስጥ ጮሌ ነው የሚሏት። ጮሌ በትምህርት ሰነፍ፣ በሰው ጎበዝ ነበረች። ወንፊት በክፍሏ አንደኛ ወጥታ ያመጣችው የሽልማት ወረቀት ዛሬ የእናቷ መሳቢያ ወለል ላይ ተነጥፏል፤ ጮሌ በልጅነቷ ከጭቃ የሠራችው፣ እጀታ የሌለው ጎባጣ ኩባያ ግን እስከ ዛሬ የቁም ሳጥኑ አናት ላይ ነው። እዚያው መሳቢያ ውስጥ፣ እዚያው የሽልማት ወረቀት ላይ፣ ወንፊት ሐኪም አማክራ የገዛችው የጉልበት ቅባት ክዳኑ ሳይፈታ ተጋድሟል። የጮሌ ባዶ ጠርሙሶች ታጥበው መስኮቱ ላይ ተደርድረዋል፤ አንዱ አዝራር ይዟል፣ አንዱ መርፌ፣ አንዱ የሚተክለው ሰው ያጣ የአበባ ዘር። ቅናት ትልቅ ነገር አይፈልግም። ያልተከፈተ የቅባት ክዳን ይበቃዋል።

የዚያን እሑድ ጮሌ አዲስ ጠርሙስ ይዛ መጣች። አዲስ የሆነው ማኅተሙ ነው፤ ጠርሙሱ ሆድ ላይ ክብ፣ ወርቃማ፦ «በገለልተኛ ላቦራቶሪ የተረጋገጠ»።

«እትዬ፣ እይው እስቲ» አለች ጮሌ። «እንግዲህ አንቺም እንደ ሰው ትውጪዋለሽ።»

ወንፊት ጠርሙሱን ተቀብላ አገላበጠችው። «የምርመራው ወረቀት የታለ?»

ጮሌ ስልኳን አውጥታ አሳየቻት።

«ይሄ እኮ የእርሳስ መርዝ ምርመራ ነው።»

«አዎ! የለበትም ተባለ። ንጹሕ ነው።»

«የዚህ ወንበር እግርም የእርሳስ መርዝ የለበትም፤ ፈጭተን እንዋጠው? እርድ አለበት ወይ ብለሽ ጠይቀሻቸዋል? አልጠየቅሽም። ላልተጠየቁት አይመልሱም። ናሙናውንስ ማን ወሰደላቸው?»

«እኔ ነኛ።»

«በእጅሽ መርጠሽ!»

«ታዲያ በእግሬ ልምረጥ?»

እናትየው በሳቅ ተንፈራፈሩ። ወንፊት ተነሥታ ቆመች። ሲናደዱ መቆም የእሷ ነው፤ ተቀምጣ ተናዳ አታውቅም። «እንግዲህ ይሄ ነው ገለልተኛ የሚባለው! ሻጩ ናሙናውን ይመርጣል፣ ሻጩ ጥያቄውን ይመርጣል፣ መልሱ ካልጣመው ሻጩ ሌላ ላቦራቶሪ ይመርጣል። ተፈታኙ ጥያቄውን ራሱ አውጥቶ፣ ፈታኙን ራሱ ቀጥሮ፣ 'አለፍኩ!' ብሎ ይጨፍራል። ሕዝቡ ደግሞ ወርቃማ ክብ ነገር ካየ...»

«አንቺ ልጅ» አሉ እናትየው። ሳቃቸው አልቆ ነበር። «ቅናት ነው ይሄ።»

«በምን ልቅና? በቢጫ ዱቄት?»

«እሱን አንቺ ታውቂዋለሽ። እህትሽ አንድ ነገር ይዛ በመጣች ቁጥር ተነሥተሽ ትቆሚያለሽ። አንድ ቀን እንኳ ተቀምጠሽ እዪልኝ።»

ወንፊት ተቀመጠች። የተናገረችው አንዱም ስሕተት አልነበረበትም፤ ከላይ እስከ ታች እውነት ነው። ነገር ግን እውነት በቅናት አፍ ሲወጣ ሰው የሚሰማው አፉን እንጂ እውነቱን አይደለም። ይህንንም ታውቅ ነበር፤ ማወቋ ይበልጥ አቃጠላት። እናትየው ሐምራዊውን አንሥተው ለመስኮቱ አሳዩት፤ ለእሷም አሳዩት፤ ዋጡት።

በላቦራቶሪው አንድ ልማድ አለ። ናሙና ሲመጣ ስሙ ተነሥቶ ቁጥር ይለጠፍበታል፤ መርማሪው የማን እንደሆነ አያውቅም። አንዳንዴ ግን ነገሩ በመልኩ ወይም በጠረኑ ራሱን ያሳብቃል። ያኔ መርማሪው «አወቅኩት» ይላል፤ ናሙናውን አንሥቶ ባልደረባው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፤ ማንም ለምን አይለውም። ልማዱን ያመጣችው ራሷ ወንፊት ናት። የአጎቱን ልጅ የነጭ ሽንኩርት ክኒን እያወቀ ዝም ብሎ የመረመረን ሰው በስብሰባ ላይ እንደ ኪስ አውላቂ አቁማ፣ የመፈረም መብቱን አስነጥቃ፣ ብርጭቆ አጣቢ አስደርጋዋለች። ሰውዬው ብዙም ሳይቆይ ለቀቀ። ያን ቀን የራራለት ሰው ቢኖር እሷ አልነበረችም።

አንድ ቀን ጠዋት ከአንድ ትልቅ የመድኃኒት መደብር የመጣ ፖስታ ደረሳት። መደብሩ መደርደሪያ ላይ ከማውጣቱ በፊት ራሱ ከካርቶኖቹ መሃል በዘፈቀደ ያነሣው ናሙና ነው፤ ወንፊት ሁልጊዜ «እንዲህ ነው መሆን ያለበት» የምትለው ዓይነት። ጥያቄውም ትክክለኛው ጥያቄ ነበር፦ እርድ አለበት ወይ? ፖስታውን ስትገለብጠው ሐምራዊና ነጭ እንክብሎች ሳህኑ ላይ ተንከባለሉ።

«አወቅኩት» ለማለት አፏን ከፈተች።

ከጎኗ ያለው ባልደረባዋ ቀና አለ። ድርብ መነጽር ነው የሚሉት፤ አንዱን አፍንጫው ላይ፣ አንዱን ግንባሩ ላይ ሰክቶ ስለሚውል። እሷን ያህል ተምሯል፤ እንደ እሷ ግን አይቸኩልም። «ኤሊ እንኳ አንተን ብትከተል ይሰለቻታል» ትለዋለች።

«ምነው? ልታስነጥሺ ነው?» አላት።

የእናቷ ሁለት ጣት፣ የመስኮቱ ብርሃን፣ «የልጄ ነው» የሚለው ድምፅ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣባት።

«አቧራ ነው» አለችና አፏን ገጠመች።

እንክብሉን ከፍታ ዱቄቱን ስታፈስ የጓንቷ ጫፍ ደማቅ ብርቱካናማ ሆነ። የተፈጨ ሥር እንዲህ አያቀልምም፤ የተፈጨ ሥር ደብዛዛ ነው፣ ጭረት ጭረት ይታይበታል። ይህ ንጥር ነው፦ ሥሩ በአልኮል ተነክሮ፣ ቀለሙና ኃይሉ ተጨምቆ ወጥቶ፣ ጭማቂው በሩዝ ዱቄት ላይ የደረቀ። ዓይኗ ሊክድ ቢፈልግ እንኳ እጇ አወቀው።

ላቦራቶሪው በቅርቡ የዕፅዋትን ዘረመል አንብቦ «ይህ እገሌ የሚባል ተክል ነው» የሚል ማሽን ገዝቷል። ለቅጠልና ለተፈጨ ሥር ግሩም ነው። ለንጥር ግን ዕውር ነው፤ ሥሩ ሲነከርና ሲጣራ ዘረመሉ ከዝቃጩ ጋር ይጣላል፣ ያመለጠውንም ሙቀቱ ይጨርሰዋል። ይህን ለአዳዲስ ሠራተኞች የምታስተምረው ወንፊት ናት። «ከሾርባ ውስጥ የዶሮ ላባ አትፈልጉ» ትላቸዋለች፤ «ላባ ስላጣችሁም ዶሮ አልነበረም አትበሉ።» ንጥር የሚመረመረው በቀድሞው መንገድ፣ ቀለሙን ነጣጥሎ በሚያሳየው የመስታወት ሰሌዳ ነው።

ያን ቀን ወንፊት ከሾርባ ውስጥ ላባ ፈለገች። ማሽኑ አዲስ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ደንበኛውም ይቸኩላል ብላ ለራሷ ነገረች፤ ራሷም አመነቻት፣ ወይም ያመነቻት መሰለች። ማሽኑም የሚታየውን ተናገረ፦ ሩዝ አለ፤ እርድ የለም።

ደስታው ከሆዷ ተነሥቶ ጆሮዋን አሞቀው። ቀለም የተቀባ ሩዝ! ለፖስተኛው የሚታየው፣ ለመስኮቱ የሚታየው፣ «የልጄ ነው» የሚባልለት ሩዝ!

ውጤት ያለ ሁለት ፊርማ አይወጣምና ወረቀቱን ለድርብ መነጽር ሰጠችው። እሱ ወረቀቱን ትቶ ሳህኑን አየ።

«መልኩ ንጥር አይመስልም? በሰሌዳው ላይም ብናሳልፈው?»

«ማሽኑ ሩዝ ነው ብሏል። ከማሽን ጋር ልትከራከር ነው?»

«ከማሽን ጋርስ አልከራከርም። ክርክሩ ከአንቺ ጋር ነው የሚሆነው፤ ከአንቺ ጋር ተከራክሮ ያሸነፈ ደግሞ እስከ ዛሬ አልተወለደም።» ብዕሩን አነሣ። «ይሁን። አንቺ ካልሽ ነው» ብሎ ፈረመ።

በቀጣዩ እሑድ እናቷ ቤት ስትገባ ኮሪደሩ መተላለፊያ አልነበረውም። መደብሩ የመለሳቸው ካርቶኖች እስከ ጣሪያ ተከምረዋል። ጮሌ ሳሎኑ ወለል ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ወንፊት እህቷ እንድትጮህ፣ ላቦራቶሪውን እንድትሳደብ ጠብቃ፣ ለስድቡ የሚሆን መልስ በመንገድ ላይ አዘጋጅታ ነበር። ጮሌ አልጮኸችም።

«እትዬ፣ ሩዝ ነው አሉ።»

«እማዬ በስልክ ነገረችኝ።»

«የሚያዘጋጅልኝ ሰውዬ ሲያጣራው ቆሜ አይቻለሁ። ግን ያሳየኝ ሌላ፣ የላከልኝ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ አይደል? ሰው ያታልላል። ላቦራቶሪ ሩዝ ካለ ሩዝ ነው። 'ላቦራቶሪ አይዋሽም' እያልሽ አይደል ያሳደግሽኝ?»

ወንፊት አንዱን ካርቶን ዞር አድርጋ ጽሑፉን ፈለገች።

«የትኛው ላቦራቶሪ እንደሆነ ነግረውሻል?»

«አልነገሩኝም። ቢነግሩኝስ ምን አደርገዋለሁ? አሁን ሰፈር ውስጥ 'የሩዝ ነጋዴዋ' ነው የሚሉኝ፤ ይበሉኝ። እኔን ያንገበገበኝ እማዬን ሩዝ እያዋጥኩ መክረሜ ነው።» ካርቶኖቹን በእግሯ ጣት ነካ አደረገች። «ነገ መኪና ይመጣል፤ ሁሉም ይጣላል። ዳግመኛ እንክብል የሚባል ነገር አልነካም።»

እናትየው ከወንበራቸው ሆነው መስኮቱን ያዩ ነበር። ጠርሙሶቹ የሉም፤ አዝራሩና መርፌው ሳህን ላይ ተዘርግፈዋል። ፊታቸውን ወደ ታላቂቱ መለሱ።

«ያንን ቅባትሽን አምጪው እስቲ።»

ወንፊት መሳቢያውን ከፈተች። ከሽልማት ወረቀቷ ላይ ቅባቱን አነሣች፣ ክዳኑን ፈታች፣ እናቷ እግር ሥር ተንበረከከች። ጉልበታቸው አብጦ፣ ቆዳው እንደ ስስ ወረቀት ያብረቀርቅ ነበር። በመዳፏ ክብ እየሠራች አሸችላቸው። እናትየው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ» አሉ። «ለካ እጅሽ እንዲህ ለስላሳ ነው። እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር።»

ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው ቃል ነው። ጣፈጣት። እንዲህ ያለ ምርቃት ይመርራል፣ ጉሮሮ ላይ ይቆማል ብሎ የሚጽፍ ሰው ቀንቶ አያውቅም። ጣፈጣት፤ እስከ ጣቶቿ ጫፍ ጣፈጣት። ቀና ስትል ጮሌ እጇን ታያለች፤ የእናታቸው ጉልበት ላይ የሚሽከረከረውን እጅ። ወንፊት ያንን ዓይን ወዲያው አወቀችው። ፊቷን በታጠበች ቁጥር ከመስታወቱ ውስጥ የሚያያት ዓይን ነው።

«መኪናውን ትንሽ አቆዪው» አለች ለእህቷ፣ ለምን እንዳለችው ሳታውቅ።

በማግሥቱ ስብሰባ ነበር። ኃላፊው ፊታቸው በርቶ ገቡ። ጠረጴዛው ላይ የፖስታ ክምር አለ።

«መደብሩ አመስግኖናል» አሉ። «ወሬው ተዳርሶ ሌሎች መደብሮችም ናሙና ልከዋል፤ ይኸውላችሁ። ከእንግዲህ ማንኛውም የዕፅዋት እንክብል በማሽኑ ብቻ ይመርመር። ያ የመስታወት ሰሌዳ ጊዜ ይበላል፤ ለጎብኚ ማሳያ እናስቀምጠው።»

ወንፊት አንዱን ፖስታ ከፍታ አየች። ንጥር። ሌላውን ከፈተች። ንጥር። አንዱን በማሽኑ ብታስገባው በቆሎ ይባላል፣ ሌላው ስንዴ፣ ሌላው ባዶ። የማይታወቁ ሰዎች፣ የማይታወቁ ካርቶኖች፣ የማይታወቁ ኮሪደሮች። ለአንዲት እህት የቆፈረችው ጉድጓድ ለአገር ሰው ሊበቃ ነው። ቅናቷ የራሷ ነበር፤ ማን ደንብ አድርጉልኝ አላቸው?

ተነሥታ ቆመች።

«ይሄ ድንቁርና ነው! ንጥር በማሽን አይመረመርም! ከሾርባ ውስጥ ላባ አይፈለግም ብዬ ስንቴ ነው የማስተምረው? ማሽን ስለገዛን ሳይንሱን ልንሸጠው ነው?»

ኃላፊው ግራ ገብቷቸው አዩዋት። «የመጀመሪያውን ንጥር በማሽኑ መርምረሽ የፈረምሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ? እኛ እኮ አንቺን ነው የተከተልነው።»

ድርብ መነጽር ግንባሩ ላይ ያለውን መነጽር አውርዶ በአፍንጫው መነጽር ላይ ደረበውና አያት።

«አቧራ ነው ያልሽኝ ቀን» አለ፣ በቀስታ።

ኪስ አውላቂ አድርጋ ያቆመችው ሰው የቆመው እዚሁ ቦታ ላይ ነበር፤ ከስብሰባው ጠረጴዛ ፊት ለፊት። ያኔ አላስተዋለችውም፤ ከዚህ ቦታ ሁሉም ሰው ይታያል።

«አወቅኩት» አለች። ድምፅዋ የጠብ ድምፅ ነበር፤ ሌላ ድምፅ የላትም። «ከፖስታው ሲወጣ ነው ያወቅኩት። የእህቴ ነው። ንጥር መሆኑንም ዱቄቱን ስነካው አውቄአለሁ። ማሽኑ አላበደም፤ ያበድኩት እኔ ነኝ።»

ኃላፊው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ያሉት ነገር የባሰ ነበር። «እሺ» አሉ፣ «እንግዲህ... የሰው ልጅ ነን። ደንበኛው ረክቷል፤ ማንም አልጠየቀንም። ትንሽ ዕረፍት ውሰጂ፣ ነገሩ በዚሁ ይብረድ።»

«ዕረፍት!» ጠረጴዛውን መታችው፤ ፖስታዎቹ ዘለሉ። «ሰው ካርቶኑን ሊጥል መኪና እየጠራ በዚሁ ይብረድ? ማንም አልጠየቀንም! ይሄን ነገር ሻጮች ሲሉት ሌባ እንላቸዋለን፤ እኛ ስንለው ጥበብ ሆነ? 'ተሳስተናል' ብለው ጽፈው ይልካሉ። እርስዎ ካልጻፉ እኔ እጽፋለሁ። እኔንም ዕረፍት አይበሉኝ፤ ለዚያ ሰውዬ የሰጣችሁትን ስጡኝ። ማጠቢያው የት እንዳለ አውቀዋለሁ!»

ሰጧት። የመፈረም መብቷ ተነሣ፤ ናሙናው ወደ ድርብ መነጽር ጠረጴዛ ሄደ፤ እሷ ወደ ማጠቢያው።

ማጠቢያው ከምርመራው ክፍል በመስታወት ነው የሚለየው። ብርጭቆ እያጠበች ሁሉንም አየች። ያ ኤሊ ዱቄቱን በአልኮል በጠበጠ። ጠብታ አንሥቶ ሰሌዳው ግርጌ ላይ አሳረፈ፤ አጠገቡም ትክክለኛ መሆኑ ከታወቀ እርድ ሌላ ጠብታ። ሰሌዳውን ፈሳሽ ውስጥ አቆመው። ፈሳሹ በሰሌዳው ሽቅብ ይወጣ ጀመር፤ ሲወጣም ቀለሙን እየነጣጠለ ይዞ ይሄዳል። ድርብ መነጽር እጁን አጣጥፎ ጠበቀ። እሷ ብትሆን በዚህ መሃል ሦስት ሥራ ትሠራ ነበር። በእጁ ቀናች፤ ጠብታው ሳይዛነፍ ሲያርፍ፣ ጣቱ ሳይንቀጠቀጥ።

መብራቱን አጥፍቶ የሰሌዳውን መብራት አበራ። ከእህቷ ጠብታ በላይ ሦስት ቢጫ ነጥቦች፣ አንዱ ከአንዱ በላይ፣ ፍም መስለው አበሩ። ከጎናቸው የትክክለኛው እርድ ሦስት ነጥቦች። ትከሻ ለትከሻ እኩል ናቸው። የተቀባ ቀለም ቢሆን እንዲህ ሦስት ቦታ አይቆምም። እርድ ነው።

ቀጥሎ መጠኑን ለካ። ወንፊት በዚያ ሰዓት እንኳ፣ እጇ ሳሙና ውስጥ እያለ፣ ትንሽ እንዲጎድል ተመኘች። ብዙ አይደለም፤ ትንሽ፣ ለወግ ያህል። ድርብ መነጽር በመስታወቱ ማዶ ቀና ብሎ አያትና አውራ ጣቱን አነሣ። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ያህል ነው። አልጎደለም።

የእርማቱ ደብዳቤ ለመደብሩ ተላከ። ካርቶኖቹ ከኮሪደሩ ወጡ።

በሚቀጥለው እሑድ ጠርሙሶቹ ወደ መስኮቱ ተመልሰዋል፤ አዝራሩ በአዝራር ቦታ፣ መርፌው በመርፌ ቦታ። ቅባቱ መሳቢያ ውስጥ ገብቷል፣ ክዳኑ ተጣሞ። እናትየው እንክብሉን ለመስኮቱ አሳዩት፤ ለሰው ሁሉ አሳዩት፤ ዋጡት።

«ጉልበትሽስ፣ እማዬ?» አለች ወንፊት፣ ተቀምጣ።

«ያው ነው። ማለዳ ማለዳ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል።»

«በቅባቱ ጊዜስ?»

«ያኔም ያው ነበር። ምነው?»

«ምንም።» የእርማቱ ደብዳቤ እርድ ነው ይላል፤ ያድናል አይልም። እሱን የጠየቀ የለም። ተነሥታ ልትናገረው ነበር፤ እግሯን ከወንበሩ ጋር ቆልፋ ዋጠችው።

ጮሌ ከወጥ ቤቱ በር ተደግፋ እህቷን ስታያት ቆይታ ነበር። «እማዬ» አለች፣ «ይሄ ላቦራቶሪ ማንም ሳያስገድደው 'ተሳስቻለሁ' ብሎ የጻፈው እንዲሁ አይመስለኝም። እትዬ የሙያ ሰዎቿን ታውቃለች። መኪናውን አቆዪው ያለችኝም እሷ ናት። እሷ ናት ያስደገመችው።»

እናትየው ወደ ታላቂቱ ዞሩ። ፊታቸው ላይ ያ የቅባቱ ቀን ልስላሴ ይመጣ ጀመር። ቀኝ እጃቸውም ለምርቃት ተነሣ። ምርቃቱ እዚያው ነበር፤ አየሩ ላይ። ወንፊት አንድ ቃል አይጠበቅባትም፤ ዝም ማለት ብቻ ይበቃታል። ሩዙንም ያመጣው፣ ቅባቱንም ያስከፈተው ዝምታ ነበር። ተነሥታ ቆመች።

«ሁለተኛውን የሠራው ባልደረባዬ ነው» አለች። «እኔ አልነካሁትም። የእሱ እጅ ነው።»

ጮሌ አንድ ነገር ልትጠይቅ አፏን ከፍታ ነበር፤ የእህቷን ፊት ስታይ ተወችው። የእናትየው ምርቃት ከእሷ ዞሮ በቦታው ወደሌለው ሰው ሄደ።

«እንግዲያው የእሱ እጅ ይባረክ! ዘሩ ይባረክ! ልጄን ከውርደት አወጣልኝ። ንገሪው እሺ? እናቴ መርቃሃለች በይው። እንዳትረሺ፤ አንቺ ደግሞ የሰው ምስጋና ማድረስ ይከብድሻል።»

«አሜን» አለች ወንፊት፣ በጥርሷ መሃል።

ሰኞ ጠዋት ድርብ መነጽርን ሰሌዳው ላይ አጎንብሶ አገኘችው። የፖስታው ክምር ከአጠገቡ ነው፤ አንድ በአንድ፣ በኤሊ እርምጃ። ጓንቷን እያወለቀች ፊቱ ቆመች።

«እናቴ እጅህ ይባረክ ብላሃለች» አለችው፤ ድምፅዋ እንደ ስድብ ወጣ።

ቀና አለ። አንዱን መነጽር ወደ ላይ፣ አንዱን ወደ ታች አደረገ። «አሜን። ለቀኙ ነው ለግራው?»

«ለሁለቱም ወስደኸዋል» አለችና ወደ ብርጭቆዎቿ ሄደች።